ከአልጋ ሆኖ የሚታይ መሠዊያ፦ የቦን ሆስፒታል ጸሎት ቤትና የእኛ የወሎ ነገር

ሲስተር ጦሳ (ደሴ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ሰሞኑን ስለ ደሴው የንጉሥ ሚካኤል ግብር ቤት፣ ስለ አይጠየፍ አዳራሽ ስታወሩ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። እኔም ከልቤ የማይወጣ አንድ ነገር አለና ላካፍላችሁ።

ለአጭር ሥልጠና ፈረንሳይ ሄጄ ሳለ ቦን የምትባል አሮጌ ከተማ አስጎበኙን። የጀርመኗ ቦን አይደለችም። ይቺኛዋ ቡርጎኝ ውስጥ ያለች፣ የድሮ ግንብ የከበባት፣ በወይን ጠጅ ስሟ የገነነ ትንሽ ከተማ ናት። መሀሏ ላይ «ኦቴል ዲዩ» የሚሉት የድሆች ሆስፒታል አለ። የቡርጎኝ መስፍን ቻንስለር የነበረው ኒኮላ ሮላን ከባለቤቱ ከጊጎን ደ ሳላን ጋር እ.ኤ.አ. በ1443 ነው የመሠረተው። ዘመኑ የመቶ ዓመቱ ጦርነት አገሩን ያራቆተበት፣ ረሃብና ወረርሽኝ ሕዝቡን የፈጀበት፣ ሥራ የፈታ ወታደር ገበሬውን የሚዘርፍበት ነበር። የመጀመሪያው ታማሚ በ1452 መጀመሪያ ላይ ገባ። ከዚያ እስከ 1971 ድረስ በሽተኛ ሲታከምበት ኖረ። ከአምስት መቶ ዓመት በላይ!

ቱሪስቱ ሁሉ ፎቶ የሚያነሣው ጣሪያውን ነው። ባለ ብዙ ቀለም ሸክላ በቅርጽ በቅርጹ ተሰድሮበታል። ያምራል፣ አልክድም። እኔ ግን ነርስ ነኝና ዓይኔ የሄደው ወደ ዋርዱ፣ በሽተኛ ወደሚተኛበት ክፍል ነው።

«የድሆች አዳራሽ» ይሉታል። ርዝመቱ 50 ሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረው። ስፋቱ 14፣ ከፍታው 16 ሜትር። ጣሪያው የተገለበጠ የጀልባ ሆድ ይመስላል። አግዳሚ እንጨቶቹ ጫፍ ላይ ቀለም የተቀባ የዘንዶ ራስ ተቀርጿል፤ ዘንዶው እንጨቱን በአፉ የያዘ ነው የሚመስለው። አልጋዎቹ በግራና በቀኝ ግድግዳውን ይዘው ተደርድረዋል፤ ሁሉም ቀይ መጋረጃ አላቸው። አዳራሹ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ግድግዳ የለም። ያለው ጸሎት ቤቱ ነው። በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በእንጨት ፍርግርግ ብቻ ተለይቶ።

ነገሩ ገባችሁ? ጸሎት ቤቱን ግቢው ጥግ ላይ አይደለም የሠሩት፤ ዋርዱ ውስጥ ነው። መነሣት ያቃተው በሽተኛ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ ቅዳሴውን ከተኛበት ይሰማል፣ መሠዊያውን ከተኛበት ያያል። እኛ ጋ ዋርድ የተኛ ሰው ምን እንደሚያይ ታውቃላችሁ። የተላጠ ቀለም፣ የግሉኮስ መስቀያ፣ የጎረቤት አስታማሚ ጀርባ። እዚያ ግን ገና መሠረት ሲጣል ለበሽተኛው ዓይን ያሰበ ሰው ነበር።

መሠዊያው ላይ ሮጂር ቫን ደር ዋይደን የሣለው «የመጨረሻው ፍርድ» ነበር የቆመው። የሚታጠፍ ሥዕል ነው። በአዘቦት ቀን ይዘጋል፤ እሑድና በዓል ይከፈታል። ሲዘጋ መሥራቾቹ ባልና ሚስት ተንበርክከው ይታያሉ፤ መሀላቸው ቅዱስ ሴባስቲያንና ቅዱስ እንጦንስ አሉ። ሲከፈት ጌታ ቀስተ ደመና ላይ ተቀምጧል፤ ከሥሩ ቅዱስ ሚካኤል ሚዛን ይዞ ነፍስ ይመዝናል። ሲኦል በኩል አንድም ሰይጣን አልተሣለም። ኃጢአተኞቹ በራሳቸው እግር ነው የሚወድቁት። እዚያ ጋ ብዙ ቆምኩ።

አሁን ሥዕሉ ጸሎት ቤቱ ውስጥ የለም። ብርሃኑ የተመጠነ ሌላ ክፍል አስገብተው የሚንቀሳቀስ ትልቅ ማጉያ መነጽር ገጥመውለታል። በሽተኛውም ወደ አዲስ ሆስፒታል ሄዷል። እንግዲህ በሽተኛውም ወጣ፣ ሥዕሉም ወጣ። ታዲያ የቀረው ቅርስ ምኑ ነው? እኔ ቅርሱ ከአልጋው እስከ መሠዊያው ያለው ያ ቀጥታ እይታ ነው ባይ ነኝ። እናንተስ?

የሮሃ ልጅ (ላሊበላ)

ሲስተር፣ ጥሩ ነገር አነሣሽ። እኔ አስጎብኚ ስለሆንኩ ይቺ ክርክር እንጀራዬ ናት።

ሥዕሉን ማውጣታቸውን አልኮንንም። ሻማ፣ ዕጣን፣ የሰው ትንፋሽ፣ እርጥበት፣ ይኼ ሁሉ ሥዕል ይበላል። የእኛን ቤተ ማርያም ገብቶ ቀና ብሎ ያየ ሰው ይፍረድ። ግን ላሊበላ ላይ «ታቦቱን አውጥተን ሙዚየም እናስገባው» ብትይ ማን ይሰማሻል? እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ይቀደስበት ነበር፣ ዛሬም ይቀደስበታል። በ2008 ከዝናብ ይከላከል ተብሎ የተተከለው የብረት መጠለያ እንኳ እስካሁን እያጨቃጨቀን ነው።

አፍሮ አይገባን ታውቂው የለ? የቤተ መድኃኔ ዓለሙን መስቀል። ሰባት ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሕዝቡ የሚሳሳለት ለብረቱ አይደለም፤ የታመመ ስለሚታሽበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ተሰረቀና አገር ጉድ አለ። ቤልጂየማዊ ሰብሳቢ እጅ ተገኝቶ በ2001 ተመለሰ። ሰብሳቢው የፈለገውን ያህል በጥንቃቄ ቢይዘው፣ እዚያ በቆየበት ጊዜ አንድ በሽተኛ አልታሸበትም። ስለዚህ በአንቺ ሐሳብ ግማሽ በግማሽ እስማማለሁ። ሥዕሉ ይዳን። ግን ዳነ ስንል ምን እንደጎደለ አብረን እንናገር።

ወልድያ ማዶ

ይቅርታ አድርጉልኝና አንዳንዴ እንገርማለን። ሰው ኦክስጅን ፍለጋ ከወረዳ ወረዳ እየተንከራተተ እኛ ስለ ፈረንጅ ሥዕል እንከራከራለን።

ያ ሮላን የተባለው ሰውዬም ቢሆን ጻድቅ አልነበረም። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 11ኛ «ያን ሁሉ ሰው ያደኸየ ሰው ለድሆች ማደሪያ ቢሠራ ይገባዋል» ብሎ ቀልዶበታል ይባላል። ሀብታም መጨረሻው ሲጨንቀው ጸሎት ቤት ያሠራል። የትም አገር ያው ነው። ለእኔ መጀመሪያ አልጋ፣ ኦክስጅን፣ ላብራቶሪ። ቅርሱ ይደርሳል።

ሲስተር ጦሳ

ወልድያ ወንድሜ፣ ኦክስጅን ሲያልቅ በየቦታው የምደውለው እኔ ነኝ። ስለዚህ በዚህ አንጣላም።

ግን የቦኖችን ሒሳብ ስማኝ። ሮላን ሕንፃ ሠርቶ ብቻ አልሄደም። ከጨው ማምረቻ የሚገባ ዓመታዊ ገቢ መድቦለት ነው የመሠረተው። ከ1457 ጀምሮ ደግሞ ሰዉ የወይን እርሻ ይሰጠው ጀመር። አንዱ ሲሞት ይናዘዛል፣ ሌላው ስለታመመለት ዘመዱ ይሰጣል። ዛሬ 60 ሄክታር ገደማ ደርሷል። ከ1859 ወዲህ ወይኑን በጨረታ ይሸጡታል፤ ቀኑ የኖቬምበር ሦስተኛ እሑድ ነው። ዓለም ሁሉ ይሻማበታል። ገቢው አሮጌውን ሕንፃ ይጠግናል፣ ለአዲሱ ሆስፒታል ደግሞ መሣሪያ ይገዛል። አንተ «ቅርሱ ይደርሳል» ትላለህ። እዚያ አልጋውን የሚያበላው ቅርሱ ነው።

ፋርማሲስት ቦርከና (ኮምቦልቻ)

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። ሲስተር፣ ወይኑን ለእናንተ ትቻለሁ፣ ሐሳቡን ግን እወስደዋለሁ። ይኼ እኮ ወቅፍ ነው፣ ገቢው ለበጎ ሥራ እንዲውል ለዘለቄታ የሚሰጥ ንብረት!

ካይሮ ላይ ሱልጣን ቀላውን እ.ኤ.አ. በ1284 ያስጀመረው ሕንፃ እንዲሁ ነው። ሆስፒታሉ፣ መድረሳውና መቃብሩ አንድ ላይ። ወጪው ከወቅፍ ይሸፈናል፤ ድሃ ሀብታም ሳይል በነፃ ያክማል። ከቦኑ 160 ዓመት ያህል ይቀድማል። ስለዚህ ሕክምናና ጸሎትን አጠገብ ለአጠገብ ማድረግ የአንድ ሃይማኖት ነገር አይደለም።

ወሎ ውስጥማ ማን ለማን ይነግራል። ሰው ሲታመም ወዳጃ፣ ማለትም የጋራ ጸሎት ይጠራል። ቡናው ይፈላል፣ ዱዓው ይደረጋል፣ ክርስቲያኑ ጎረቤት አብሮ አሜን ይላል። ይኼ ሁሉ ግን ቤት ውስጥ ነው። ሆስፒታል ስንገባ ቦታ የለንም። አስታማሚው ሰላት ሲደርስበት ደረጃ ሥር ካርቶን ዘርግቶ ይሰግዳል። አጠገቡ አንዷ እናት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ውዳሴ ማርያም ትደግማለች። መሀላቸው የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲ። እኔ ይኼን ሳይ አያሳፍረኝም፤ ይልቅ አርክቴክቱ የት ነበር እላለሁ።

በነገራችን ላይ የቦኑ ሆስፒታል ፋርማሲ ነበረው ወይ? እሱን ሳትነግሪን እንዳትሄጂ።

ሲስተር ጦሳ

ነበረው እንጂ! መደርደሪያው ሙሉ የሸክላ ማሰሮና ብርጭቆ ነው። ስሞቹን ብታይ ትስቃለህ። የክሬይፊሽ ዓይን፣ ከድንጋይ ሥር የምትገኘዋ ተጠቅላይ ነፍሳት ተፈጭታ፣ የሚያስመልስ ፍሬ ዱቄት። ወጥ ቤቱ ውስጥ ደግሞ በ1698 የተሠራ፣ እንደ ሰዓት ተሞልቶ በራሱ የሚዞር የሥጋ መጥበሻ አለ።

የደረጃ ሥሩን ነገር ግን በደንብ ነው ያየኸው።

ጀማሪ ሐኪም (ቦሩ ሜዳ)

ሲስተር፣ እኔ በሕክምናው በኩል ልግባበት። አንድ አልጋ ላይ ሁለት ሰው ያስተኙ ነበር አይደል? መጋረጃው የጋራ፣ አንሶላው የጋራ። ቆሻሻው በአዳራሹ ሥር በምታልፈው ወንዝ ይሄዳል። ዛሬ ብንሠራው ኢንፌክሽን መከላከል ያባርረናል።

ግን 16 ሜትር ከፍታ! ቲቢ ዋርድ የሠራ ሰው ይቺ ምን ማለት እንደሆነች ያውቃል። ከፍ ያለ ጣሪያና ትልቅ መስኮት አየሩን ይቀያይረዋል። ያለ መብራት፣ ያለ ማሽን። አሁን የምንሠራቸው ዋርዶች ጣሪያቸው ዝቅ፣ መስኮታቸው ጠበብ ያለ ነው፤ ብርድ ፈርቶ ደግሞ ሁሉም ይዘጋዋል። አሮጌ ሆስፒታል ስናፈርስ የምናፈርሰው ድንጋዩን ብቻ አይደለም።

አንድ ሌላ ነገር። ያ ቅዱስ እንጦንስ እዚያ ሥዕል ላይ ዝም ብሎ አልተሣለም። አውሮፓ ውስጥ «የእንጦንስ እሳት» የሚሉት በሽታ ነበር። እህል ላይ ከሚበቅል መርዛም ፈንገስ ይመጣል። እጅና እግር ያቃጥላል፣ ከዚያ ያጠቁራል፣ ጋንግሪን ሆኖ ይቆረጣል። የሩቅ ታሪክ እንዳይመስላችሁ። በ1970 ዓ.ም. ገደማ እዚሁ ወሎ ደጋ ላይ ተከስቷል። ገብሱ ውስጥ ሲናር የሚባለው አረም ገብቶ፣ ሲናሩ ደግሞ ፈንገሱን ይዞ ነበር። በድርቅ ዘመን ማን እህል ይለቅማል? ለዋድላ ደላንታ ገበሬ ያ ሥዕል ቢነገረው ከሙዚየም ጎብኚው በላይ ይገባዋል።

ስለ ጸሎቱ፦ እኔ በሽተኛዬ ጠበል ሲሄድ አልቆጣም። የምቆጣው መድኃኒቱን ትቶ ሲሄድ ነው። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ይሄዳሉ ብለው ማስተማራቸው ስንት ሰው አድኗል። ሰዉ ለጸሎት ከግቢ መውጣት ባይኖርበት ደግሞ ከእነ መድኃኒቱ እዚሁ ይቆይ ነበር። የእኛ ሆስፒታል ራሱ በሚስዮናውያን ተጀምሮ በሥጋ ደዌ ሕክምና የታወቀ ነው። ሌላው የሸሸውን ሰው የተቀበለ ቦታ ነው። ሰው ቦሩ ሜዳ ሲባል የሚያስታውሰው ግን በ1870 ዓ.ም. የተደረገውን የሃይማኖት ጉባኤ ብቻ ነው።

ሐይቅ ዳር

ሁላችሁም ሮላን ሮላን አላችሁ። ሚስትየዋስ?

ሲስተር ጦሳ

እህቴ፣ ይኼን ስጠብቅ ነበር። ሮላን እ.ኤ.አ. በ1462 ሞተ፤ የተቀበረውም ሌላ ከተማ፣ ኦተን ነው። ጊጎን ግን ሆስፒታሉ ገብታ ኖረች። በ1470 ስታርፍ እዚያው ጸሎት ቤቱ ውስጥ፣ መሠዊያው ፊት ተቀበረች። ማለትም በሽተኛው ወደ መሠዊያው ሲያይ ወደ እሷም ያያል። የወለሉ ሸክላ ላይ የሁለቱ ስም መነሻ ፊደል ተጠላልፎ ታትሟል። አጠገቡ ኮከብ አለ፤ ሮላን ለእሷ የመረጠው ምልክት ነው፣ «ብቸኛዋ» የሚል ጽሑፍ ያለበት። ስትራመጂ ፍቅራቸው ላይ ነው የምትረግጪው።

ሥራውን የሠሩትም ሴቶች ናቸው። ቁስል ያጠቡት፣ ሾርባ የቀዱት፣ ሌሊት የዞሩት የሆስፒታሉ መነኮሳይያት ናቸው። እስከ ባለፈው ክፍለ ዘመን ድረስ እዚያው ነበሩ።

ሐይቅ ዳር

አየሽ! እኔ ሐይቅ ተወልጄ አድጌ እስጢፋኖስ ገዳምን የማውቀው ከደጁ ነው፣ ሴት አይገባም። የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል እዚያ እንዳለ የነገረኝ ወንድሜ ነው። ስለዚህ ሴት መሠዊያው ፊት ተቀበረች ስትይኝ ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት።

ጋሼ ፒያሳ (ደሴ)

ልጆቼ፣ ሳነብ አመሸሁ። ደሴም የሆስፒታል ታሪክ አላት፣ አትርሱት። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ አሜሪካዊ አድቬንቲስቶች የሚያስተዳድሩትን ሆስፒታል መትተዋል። የቀይ መስቀል ምልክት ነበረበት። ጃንሆይ እዚሁ ከተማ ነበሩ፤ ራሳቸው መትረየስ ይዘው ሲተኩሱ የተነሡት ፎቶ ዓለምን ዞሯል። ፎቶውን ሁሉም ያውቀዋል። ሆስፒታሉን ማን ያነሣዋል? ቦታው ላይ ቆሞ ለልጅ ልጁ የሚያሳይ ሰው ስንት ነው?

በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ የሆነውንም አይታችኋል። ሙዚየማችን ተዘረፈ፣ ሆስፒታሉም ተዘረፈ። ሲስተር፣ ያ ሥዕል ከፈረንሳይ አብዮት እንዴት ተረፈ? ያን ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ይዘረፍ አልነበር?

ሲስተር ጦሳ

ጋሼ፣ ከመሠዊያው አውርደው ደብቀውት ነው። ከተገኘ በኋላም አልተወውም። ራቁት የተሣሉት ነፍሳት ነውር ናቸው ብለው በላያቸው ልብስ ቀቡባቸው! እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ ሲጠገን ነው ቀለሙ የተነሣው። ከዚያ ደግሞ ፊትና ጀርባው አንድ ላይ እንዲታይ ክንፎቹን በውፍረታቸው ሰነጠቋቸው። ዛሬ ግድግዳው ላይ የተዘጋውና የተከፈተው ጎን ለጎን ይታያል። ለጎብኚ ይመቻል። እሑድን መጠበቅ ግን ቀረ።

ጀማሪ ሐኪም

ጋሼ ስላነሡት እኔም አንድ ልናገር። ስሙን ልተወውና፣ በሠራሁበት አንድ ጤና ተቋም የድንጋይ ዋርድ ነበር። መስኮቱ ወደ ምሥራቅ። አዲስ ሕንፃ ሲመጣ በአንድ ሳምንት ፈረሰ። መፍረሱን አልቃወምም፣ ጣሪያው ያፈስ ነበር። ግን ፎቶ ያነሣ የለም፣ የለካ የለም። የድሮ የታካሚ መዝገቦቹ በጆንያ ወጡ። አንዱን ገልጬ አየሁት፤ በቀለም ብዕር የተጻፈ፣ ስም፣ ቀበሌ፣ በሽታ፣ የወጣበት ቀን። ከጎኑ «ድኖ ሄደ» ይላል። ማታ ሻይ ቤቷ ስሄድ ማንደጃ ሆኗል።

የሮሃ ልጅ

እንደዚህ ዓይነቱ ነው አንጀት የሚበላው። ለመለካትና ፎቶ ለማንሣት እኮ ፈረንሳይ መሄድ አያስፈልግም። ስልክ የሌለው የለም።

ፋርማሲስት ቦርከና

እኔ ሁለት ነገር እላለሁ። አንደኛ፣ አሮጌ ዋርድ ከመፍረሱ በፊት ቢያንስ አልጋው ወዴት ይዞር እንደነበር፣ መስኮቱ ምን ያሳይ እንደነበር ይመዝገብ። ሲስተር ያለችው ቅርስ እሱ ነዋ። ሁለተኛ፣ አዲስ ሲሠራ አንድ ክፍል ለጸሎት ይተው። የአንዳችን ብቻ አይሁን። ጫማ ማውለቂያና ውኃ ይኑረው፣ ምሥራቁና ቂብላው (ሙስሊሙ ሲሰግድ የሚዞርበት የመካ አቅጣጫ) ይታወቅ። ወሎ ላይ ይኼን መስማማት ያቅተናል ብላችሁ ነው? ቅሬ (የወሎ እድር) ወጥተን አብረን የምንቀብር ሰዎች!

ወልድያ ማዶ

እሺ፣ የመስኮቱንና የጣሪያውን ነገር ተቀብያለሁ። የመዝገቡ ደግሞ አናዶኛል። ኦክስጅኑ ግን አሁንም ይቀድማል፣ ከዚህ ንቅንቅ አልልም። አደራ ደግሞ ኮሚቴ እንዳታቋቁሙ። ኮሚቴ የነካው ነገር አበል እንጂ ሥራ አይወጣውም።

ሲስተር ጦሳ

ኮሚቴ የለም። ጋሼ፣ ያ የ1928ቱ ሆስፒታል የነበረበትን ቦታ ቢያሳዩኝ ቅዳሜ ከተረኛነት እንደወጣሁ ፒያሳ እመጣለሁ። ሜትር ያለው ይዞ ይምጣ፣ የእኔ ስልክ ካሜራው ደህና ነው።

ጋሼ ፒያሳ

ነይ። ግን ከረፋዱ በፊት ይሁን፣ ከዚያ በኋላ የጦሳ ተራራ ንፋስ አይቻልም።